ያደርሳል ወይስ አያደርስም?

የእህቴ ልጅ ጎንደር ውስጥ ጋራዥ አለው። ከመተማ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ ሄጄ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ልሠራ አይደለም፤ የዘይቱና የቤንዚኑ ሽታ ስለሚናፍቀኝ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የቤንዚን መኪና መጣ። የእህቴ ልጅ እሳት የሚሰጠውን አንዱን ካንዴላ ፈትቶ በቦታው ጣት የምታህል መሣሪያ አሰረ፤ ሽቦዋን ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካና ሞተሩን ሳያስነሳ በማስነሻው በሞተሪኖ ብቻ አሽከረከረው። ስክሪኑ ላይ መስመር መሳል ጀመረ። ፒስተኑ ሲጨምቅ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ አየር ሲስብ ይወርዳል።

"እዚህ ጋ ይዩት ጋሼ" አለኝ፤ "ሲስብ ከልክ በላይ ወርዷል። ትንፋሹ ታፍኗል ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮው ሳይደፈን አይቀርም።"

ተነስቼ ወደ ቤት ሄድኩ። የቀረበልኝን ምሳ ሳልነካው ተውኩት። ያችን ዝቅ ያለች መስመር ከብዙ ዓመት በፊት የሚያሳየኝ ሰው ወይም መሣሪያ ኖሮ ቢሆን፣ አንድ ሰው ምናልባት ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። ልጄ ትርንጎ የሥራ ዘመንህን ጻፈው እያለች ስትጨቀጭቀኝ እሺ እያልኩ ስሸሽ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀመጥኩና ጀመርኩ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። የቤንዚን ሞተር ጤናው ጭመቃው ነው። ፒስተኑ የሳበውን አየርና ቤንዚን አጥብቆ ካልጨመቀ ካንዴላው ቢያበራ ባያበራ ዋጋ የለውም። ጭመቃውን ለማወቅ ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፤ በአንዱ ቀዳዳ መለኪያው ይገባል፤ አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ በሞተሪኖ ያሽከረክራል። የመለኪያው መርፌ እየዘለለ ይወጣል። ደኅና ሞተር መቶ ስልሳ፣ መቶ ሰባ ላይ ይቆማል፤ ሲሊንደሮቹም ተቀራራቢ ይሆናሉ። አንዱ ዝቅ ካለ በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገህ እንደገና ትለካለህ። ከፍ ካለ ፒስተኑን የሚያቅፈው ፋሻ አልቋል፤ ካልተነቃነቀ የሚያስተነፍሰው ቫልቩ ነው። ሥራው ይኸው ነው።

ያስተማሩኝ ጋሼ ዘውዱ ናቸው። ከዚያ በፊት አብደራፊ አንድ ሰፊ እርሻ ላይ ትራክተርና የውሃ ፓምፕ እጠግን ነበር። አለቃዬ ማሽን በተበላሸ ቁጥር ማሽኑን ትቶ እኔን የሚቆጣ ሰው ስለነበር አንዱ የሰሊጥ አጨዳ እንዳለቀ ጥዬው መተማ ዮሐንስ ገባሁ። ጋሼ ዘውዱ ከጉምሩኩ ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረቻቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ የማይፈቱ ሰው ነበሩ።

"ምን ትችላለህ?" አሉኝ የመጀመሪያ ቀን።

"ሞተር አውርጄ እገጥማለሁ።"

"ማውረዱንማ ሌባም ይችለዋል" አሉ። "ሳታወርደው ውስጡ ምን እንዳለ ንገረኝ።"

ደመወዙ መጀመሪያ ምግብና መኝታ ነበር፤ ኋላም ከእጅ ወደ አፍ አላለፈም፤ ስለሱ ብዙ አላወራም። የሰውዬው ልማድ ግን እስካሁን እጄ ላይ አለ። ከመለካታቸው በፊት የአየር ፊልትሮውን ክዳን ያነሳሉ። "አፉን ክፈትለት" ይላሉ፤ "አፉን አፍነህ ይዘኸው ለምን አትተነፍስም ትለዋለህ?" ከዚያ ባትሪውን ያያሉ። ከዚያ አራቱንም ካንዴላ ፈትተው ንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራ ይደረድሩና አንድ በአንድ ያሸቷቸዋል። ሲለኩም መርፌው የሚቆምበትን ብቻ አያዩም፤ የመጀመሪያዋን ዝላይ ያያሉ። ዝቅ ብሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወጣው ፋሻው ነው፤ ዝቅ ብሎ ጀምሮ እዚያው የሚቀረው ቫልቩ ነው ይሉኝ ነበር። ጨርሰው ደግሞ እንደገና ይለካሉ። ባለመኪናው ሲነጫነጭ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለው ቀና ሳይሉ ይቀጥላሉ።

ሌላም ነገር ነበራቸው። "ያደርሳል" ብለው የሸኙት መኪና መድረሱን ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም። ያኔ ስልክ እንደልብ አልነበረም፤ ወሬ የሚመጣው በሾፌር ነው። በጎንደሩ መንገድ ካለችው ከሸሕዲ የሚወርድ መኪና በጋራዣችን በር ሲያልፍ ዝግ ይልና ሾፌሩ በመስኮት "ገብቷል ጋሼ" ይላል። ያኔ ተነስተው እጃቸውን ይታጠባሉ። ሚስታቸው ስንት ጊዜ ምሳውን ይዘው ተመልሰዋል። እኔ በሆዴ እስቅ ነበር። ኋላ ልማዱ ራሴን ያዘኝና ሳቁ ቀረ።

የቆላ መንገድ እንዲህ ያደርጋል። ክረምት ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ ጎማ ይውጣል፤ በጋ ሙቀቱ ሞተር ያፈላል። መኪና መቆም የሌለበት ጫካም አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህማ ቆመ የተባለ መኪና ሰው የተዘረፈበት ወይም የታገተበት መኪና ሆነ። ስለዚህ ሾፌር እኔ ዘንድ ሲመጣ ስለ ቫልቭና ፋሻ አይጠይቀኝም። "ሳይቆም ያደርሰኛል ወይ?" ነው የሚለኝ። ጋሼ ዘውዱ አርፈው ጋራዧን ስይዝ ሰዉ ምስጋናው የሚለውን ስሜን ትቶ "ጋሼ ያደርሳል" ይለኝ ጀመር። አንዳንዱ ሌላ ስም እንዳለኝም አያውቅም ነበር።

ስሙ ለእኔ አይሆንም ነበር፤ ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። መኪና ከሸኘሁ በኋላ የያዝኩትን መፍቻ ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጠዋለሁ። ስልክ ከመጣ ወዲያ ደግሞ ከደረት ኪሴ አውጥቼ እያየሁ ባትሪውን እጨርሰዋለሁ። ሚስቴ በሕይወት እያለች "ሰው የወለደውን ልጅ እንኳ እንዲህ አይጠብቅም" ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ሐብታሙ ልምጣ። ሰሊጡ ሊደርስ ሲል ነው፤ ዝናቡ ገና አልተወም። ከመተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ የውሃ ፓምፕ ልጠግን ሄጄ ነበር። ካምቦ በምንለው የሠራተኞች ማደሪያ አንድ ሳሉግ ታሟል። ሳሉግ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። ሐብታሙ ይባላል፤ ጎጃሜ ነው። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት የሣር ዳሱ ውስጥ ይቃዣል።

እርሻው አንድ አሮጌ ባለ ቤንዚን ፒካፕ ነበረው። ፎርማኑ ካሳ ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ "ሰሞኑን ጉልበት ከድቶታል፤ ትንሿን አቀበት እንኳ አልወጣ ብሏል። እስቲ እየው፣ እስከ ጤና ጣቢያ ያደርሰው እንደሆን" አለኝ። የሐብታሙ ያገር ልጅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"አያ መካኒክ" አለኝ፤ "ያባትህ አምላክ ይርዳህ፣ ቶሎ በል።"

ቶሎ አልኩ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ ካሳን ጋቢና አስገብቼ "ነዳጁን እስከ ታች ርገጠውና አሽከርክር" አልኩት። አንደኛው ዘጠና አምስት። ሁለተኛው ዘጠና። ሦስተኛው ዘጠና አምስት። አራተኛው ዘጠና። ዘይት ጠብ አደረግኩ፤ መርፌው እምብዛም አልተነቃነቀም። ከዳሱ የሐብታሙ ድምፅ ይሰማኛል። ደመናው ከድንበሩ ማዶ በገላባት በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነው። ይታየኝ የነበረው ፒካፑ ዋልካው መሃል ቆሞ፣ በሽተኛው ከኋላ ተጋድሞ፣ ዝናብ ሲወርድበት ነው።

"ይህ ሞተር አልቋል" አልኩ። "አያደርስም። መሃል መንገድ ይጥላችኋል።"

ካሳ አልተከራከረኝም። "አንተ አያደርስም ካልክ አያደርስም" ብሎ ትራክተሩ እንዲነሳ አዘዘ። ተሳቢው ላይ ሣር ጎዝጉዘው ሐብታሙን አስተኙት። ትራክተር ጭቃ አይፈራም፤ ግን ሰው በእግሩ ይቀድመዋል፤ ተሳቢው ደግሞ ያንገጫግጫል። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛቸው። አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ ሐብታሙ አረፈ።

በማግስቱ ሞተሩን ላወርድ ተመለስኩ። ሲወርድ መጀመሪያ የሚነሳው የአየር ፊልትሮው ነው። ክዳኑን ሳነሳ ውስጡ ጨርቅ አገኘሁ። እኛ ቆላ ላይ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የአጨዳ ሰሞን አዋራና ገለባ ፊልትሮ ቶሎ ይደፍናል፤ መለወጫ ሲጠፋ ሾፌሩ ያረጀውን ያወጣና በቦታው እርጥብ ጨርቅ ይጠቀልላል። ለጥቂት ቀን ይሠራል። ይህኛው ካለፈው በጋ ጀምሮ የተረሳ ነበር። አዋራውን ጠጥቶ ጠጥቶ፣ የክረምቱ እርጥበት ሲገባበት ጭቃ ሆኖ አፉን መርጎታል።

ጨርቁን አወጣሁና ካሳን "አስነሳው" አልኩት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ነዳጅ ሲሰጠው ካምቦው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አስጠፍቼ ለካሁት፤ አራቱም መቶ ስልሳን አለፉ። አራት ሲሊንደር ተመካክሮ በአንድ ቀን አያረጅም፤ አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ሞተሩን ሳይሆን አፉን፣ ባትሪውንና ራስህን ጠርጥር። ጋሼ ዘውዱ ይህን ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ካሳ ወርዶ ጨርቁን እጄ ላይ አየው። እዚያው ሁሉንም ነገርኩት። "የሱ ቀን ደርሶ ነው" አለኝ፤ "ወባው ጨርሶት ነበር።" የጤና ጣቢያው ሐኪምም ቀድሞ ቢመጣ ይተርፍ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም ብሏል። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ይሄው እርግጠኛ አለመሆን ነው ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ። ያገሩ ልጅ የሐብታሙን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በገመድ አሰረና ወደ አገሩ ተሳፈረ። እኔ ፒካፑ ጎማ ላይ ተደግፌ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ "አያደርስም" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። "ያደርሳል" ማለትም ያስፈራኛል። ቁጥሩን ብቻ እየነገርኩ ፍርዱን ለሾፌሩ እተውለት ጀመር። ክዳን አነሳለሁ፣ ባትሪ አያለሁ፣ እለካለሁ፣ እንደገና እለካለሁ፣ ሦስተኛም እለካለሁ። ሾፌሮቹ "ጋሼ ያደርሳል ሞተራችንን በሽክርክሪት ጨረሰው" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቅና ክዳኑን እንደገና አነሳለሁ።

የመጨረሻው ሥራዬ የመጣው በልጄ በኩል ነው። ትርንጎ መተማ ዮሐንስ አስተማሪ ነበረች። አንድ ሰሞን በከተማው ዙሪያ ተኩስ በረከተ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መንገዱ ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ ይዘጋል ይባላል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አንድ ጠዋት አውቶቡሶቹ ሳይመጡ ቀሩ። ትርንጎ ትንሿን ልጇን ይዛ ጎንደር ልትወጣ ቆርጣለች። ከከተማው የሚወጣ መኪና ሞላ የሚባል ሾፌር የሚነዳው ሚኒባስ ብቻ ነበር፤ ቤንዚን ነው። ሞላ ወሬ የማያበዛ፣ ዝም ብሎ የሚነዳ ሰው ነው። ተሳፋሪዎቹን ጭኖ እኔ ዘንድ አመጣው።

"ሰሞኑን ይቆራርጣል ጋሼ" አለኝ። "ያደርሳል ወይ?"

ሰዉ ወርዶ የቆርቆሮዬ ጥላ ሥር ቆመ። አፉን ከፈትኩ። ባትሪውን አየሁ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ደረደርኩ። መቶ ስልሳ አምስት። መቶ ስልሳ። ሰማንያ። መቶ ስልሳ አምስት። ሦስተኛው ላይ ዘይት ጠብ አደረግኩ፤ መርፌው ከሰማንያ ፈቀቅ አላለም። እንደገና ለካሁ፤ ያው ነው። እየተቃጠለ ያለ ቫልቭ ነው። ወደ ጎንደር በሚያወጣው የጭልጋ ዳገት ላይ ጭራሽ ሊለይለት ይችላል፤ ላይለይለትም ይችላል። አያደርስም ብል ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ይቀራል፤ ሲመሽ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ያደርሳል ብል ልጄና የልጅ ልጄ ጫካ ውስጥ በቆመ መኪና ይቀመጣሉ።

"በሦስቱ ይሄዳል" አልኩት ሞላን። "አንዱ ታሟል። ዳገቱን ይችል አይችል አላውቅም። ከሰማንያ አላልፍ..."

"እኔ ቁጥሩ አይገባኝም ጋሼ። እንሂድ ወይስ እንቅር?"

ትርንጎ ልጇን እንዳዘለች ጠጋ አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አባ፣ አንተ ትሳፈርበታለህ?" አለችኝ።

ስንት ዓመት ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እጄን በጨርቅ ጠረግኩ። ካንዴላዎቹን መልሼ አሰርኩ። መለኪያውን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ በብብቴ ይዤ የጋራዡን በር ቆለፍኩና ከሞላ ጎን ጋቢና ገባሁ። ቅያሪ ልብስ እንኳ አልያዝኩም። ሰዉም ተከትሎኝ ተሳፈረ።

ሸሕዲ እስክንደርስ ሜዳ ስለሆነ ሞተሩ እያነከሰም ቢሆን ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጫካው ነው። ሞላ ነዳጅ ሲጨምር ከታች ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ሦስተኛው ነው፤ ጆሮዬ ሌላ ነገር አይሰማም። መንገዱ ዳር አንድ የተቃጠለ መኪና ጎኑን ሰጥቶ ወድቋል። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ምንድን ነው የሚንኳኳው ልጄ?"

"ሞተሩ ነው እናቴ።"

"ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው" አልኳቸው። ሞላ ዞር ብሎ አየኝ።

ዳገቱ መሃል ላይ ጠቅታው ቆመ። ደስ የሚል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሲሊንደሩ ጨርሶ ሥራ አቁሞ ነው። ሚኒባሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዝግ አለ፤ አህያ ሊቀድመን ደረሰ። የሞላ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"ላቁመውና እንየው?"

"እንዳታቆመው። ካቆምከው አይነሳም። በአንደኛ ማርሽ ያዘው፣ እግርህን አታንሳ፣ ነዳጅም አትጨምርበት።"

ትርንጎ ከኋላ የሸሚዜን ጫፍ ጨብጣ ይዛለች። ዳገቱ አልቆ አይከል ከተማ እስክንገባ ድረስ አለቀቀችውም። አይከል ስንገባ ሰዉ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ እናቲቱ መርቀውኝ አይጠግቡም። እኔ አንድም ምርቃት አልሰማሁም፤ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ወደ ማምሻው ጎንደር ደረስን። በማግስቱ ሦስተኛውን ሲሊንደር ስለካው መርፌው ከቦታው አልተነሳም።

ሞላ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ አስወርዶ ቫልቮቹን አስቀየረ። ውሎ አድሮ ተኩሱ ጋብ አለ፤ መኪናዎችም መውረድ ጀመሩ። አንድ ማለዳ ሚኒባሱን ይዞ ትርንጎ የተከራየችው ቤት ድረስ መጣ።

"እስቲ ይለኩልኝ ጋሼ" አለኝ። "ከዚያ አብረን እንወርዳለን። ሰዉ የት ሄደ እያለ ነው።"

አፉን ከፈትኩ። ባትሪውን አየሁ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። አራቱም መቶ ሰባ። እንደገና ለካሁ፤ መቶ ሰባ። እንዲህ እኩል የሆነ ሞተር ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

"ያደርሳል?" አለ ሞላ።

"ያደርሳል።"

የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። "እንግዲያ ይግቡ።"

እግሬን ላነሳ ፈለግኩ፤ አልተነሳም። በታመመው ሞተር ስሳፈር የቻልኩት ፍርሃት ጤነኛው ላይ አሸነፈኝ። ሞተሩ ላይ የማገኘው ጥፋት አልነበረም፤ ፈልጌ ነበር። ሞላ በሩን ይዞ ትንሽ ጠበቀኝ። ፊቴን አየና ቀስ አድርጎ ዘጋው።

"ስገባ እደውልልዎታለሁ" ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ደወለ። "ገባሁ ጋሼ፤ ተማም ነው፣ ሁሉም ደኅና" አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስንቱ መኪናውን ይዞ መጥቶ ለምኖኛል፤ የእህቴ ልጅ ይለካላቸዋል እንጂ እኔ ለማንም ያደርሳል ብዬ አላውቅም። ራሴ ያልገባሁበትን መኪና ሰውን ግባበት ማለት አልቻልኩም።